ፎርማት ከማድረግ በፊት

ከሚሴ ላይ ላፕቶፕ ለሚጠግን ሰው ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ «ስታክ ያደርጋል፤ ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም፣ ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው ሙቀቱን ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን ብዙውን ጊዜ 95። ቺፑ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ማሽኑ ድርግም ይላል። ቫይረስ የተባለው መንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ደሴ የሚማሩ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ «ጋሼ፣ እዚያ ደህና ነበር፤ እዚህ ነው የሚግለው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሚሴ 1,400 ገደማ። 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ፋኑ የሚያቀዘቅዘው ክፍሉ ውስጥ ባገኘው አየር ስለሆነ፣ ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ቺፑም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ላይ 85 የሚያሳይ ማሽን እዚህ 92 ቢያሳይ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት ራሱ እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በሰኔ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ያን ማለፍ ቀላል ነው።

ስለዚህ የኔ ልክ ከፋብሪካው ጠበቅ ይላል። ከባድ ሥራ ላይ እስከ 85 አልነካውም። 90 ላይ ከሰነበተ፣ ወይም ምንም ሳይሠራ 60ን ካለፈ እከፍተዋለሁ። ግራፊክስ ቺፕ ላይ የበለጠ እጠነቀቃለሁ፤ ብዙዎቹ የኤንቪዲያ የላፕቶፕ ቺፖች 87 አካባቢ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራሉ። በብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ሁለቱ ቺፖች አንድ የመዳብ ቱቦ ስለሚጋሩ የአንዱ ግለት ለሌላው ይተርፋል። ቺፑስ ራሱን ይከላከላል፤ የሚያሳዝነኝ ባትሪው ነው፤ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። አቧራውን በብሎወር ማስወጣት፣ ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርጎ አዲስ በስሱ መቀባት።

ላፕቶፓችሁን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፤ የአየር መግቢያው ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ነው። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ደግሞ ጠጋኙን «እስቲ ሙቀቱን አሳየኝ» በሉት።