የአቀባዩ ዕጣ፦ የጥንድ ኮሜዲ መድመቅና መለያየት

በቦረና ምርቃት ሽማግሌው ብቻውን አይናገርም። አንድ ሐረግ ባለ ቁጥር የተቀመጡት ተቀብለው ያጸኑለታል። ከአሬሮ እስከ ነጌሌ ቦረና የሚሰማውን ይህን የንግግር ሥርዓት ያስተዋለ፣ በአማርኛም ዘመዱን አያጣም። የቀድሞው ሙግት፣ «በላ ልበልሃ»፣ ያለ ተሟጋች አይቆምም ነበር፤ አዝማሪውም «ተቀበል!» ባዩ ሲበረታ ይበረታል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ከዚህ ይነሳል። የአማርኛ ጥንድ ኮሜዲ የዚሁ የሁለት ወገን ንግግር ዘመድ ስለሆነ፣ ጥንዶች ሲለያዩ መመርመር ያለበት የጠብ ወሬው ሳይሆን የአቀባዩ ዕጣ ነው።

ኮሜዲያኑ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ከእነሱም ቀጥሎ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ በተመልካች አፍ እንደ አንድ ስም ይጠሩ ነበር። ለዚህ ዝና አንዱ ምክንያት ዘመኑ ነው። አገሩ በሙሉ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲያይ፣ በበዓል ዋዜማ የተወረወረች ቀልድ በማግስቱ የየሰፈሩ ጨዋታ ትሆን ነበር። ሌላው ምክንያት ግን ከቅርጹ ይመነጫል። ከጥንዱ አንዱ ያስቃል፤ ሌላው፣ አቀባዩ፣ ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ዝም ይላል። ተመልካቹ ቤቱ ይዞት የሚሄደው የአሳቂውን ቃል ነው፤ ቃሉ የወጣበትን ሰዓት የወሰነው ግን አቀባዩ ነው።

ሥራው ስለማይታይ አቀባዩ በቀላሉ ይዘነጋል። አሜሪካውያኑ ጥንድ ኮሜዲያን፣ አቀባዩ ዲን ማርቲንና አሳቂው ጄሪ ሉዊስ፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1946 በአትላንቲክ ሲቲ አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ልክ በ10ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ በኒው ዮርኩ ኮፓካባና የመጨረሻ ትርዒታቸውን አሳዩ። በ1954 «ሉክ» መጽሔት የቡድኑን ፎቶ በሽፋኑ ሲያወጣ ማርቲንን ቆርጦ አስቀርቶታል። ሃያሲውም ተመልካቹም አሳቂውን ብቻ ሲያወድሱ ከርመዋልና መቀሱ የብዙዎችን ፍርድ ነው የፈጸመው። ከመለያየት በኋላ ግን ማርቲን አልጠፋም፤ ከ1965 እስከ 1974 በስሙ የተጠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት መርቷል። እንግዳ ተቀብሎ፣ ቀልዱን አመቻችቶ ለሌላው ማቀበል ቀድሞም የሚያውቀው ሙያ ነበር።

የእኛውም ታሪክ እዚህ ላይ ይገናኛል። ልመንህ ወደ አሜሪካ ሲያቀና፣ አለባቸው «አለቤ ሾው»ን ይዞ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። የቶክ ሾው ወንበር ኮሜዲያኑን ጠያቂ ያደርገዋል፤ ጥንዱ ፈረሰ ብንልም የጥንድነቱ ቅርጽ አልፈረሰም፤ በጓደኛው ቦታ እንግዳው ተተካ። ልዩነቱ ሌላ ነው። የመድረክ ጓደኛ የሚመጣውን ያውቃል፣ እንግዳ አያውቅም። በልምምድ ብዛት የተገኘው የሰዓት ስምምነት በቃለ መጠይቅ አይተካም። ማርቲንና ሉዊስ በ1976 በአንድ የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ዳግም ተያይተዋል፤ አለባቸውን ግን የመኪና አደጋ ቀድሞ ወሰደው።

ከቦረናው ቆላማ ደቡብ ሆኖ ሲታይ የአቀባዩ ዋጋ ይበልጥ ይጎላል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አድማጭ የአሳቂው ፈጣን ቃል ሊያመልጠው ይችላል። አቀባዩ «ምን አልክ?» ብሎ ሲደግመው፣ ነገሩ ለዚያም ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይነገራል፤ ፊቱ ሲኮሳተርም የቃሉን ትርጉም ግማሽ ይነግራል። የጥንድ ቀልድ ቋንቋ ተሻግሮ የሚሄድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ለብቻ የሚቀርብ ቀልድ ይህን ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይሰጥም። ይሁንና ይኸው ድግምግሞሽ በገጠሬ ወይም በሌላ ቋንቋ ተናጋሪ አነጋገር ለመሳለቅ ሲውል፣ አቀባዩ በር መክፈቱን ትቶ የሚዘጋ ይሆናል። ስለዚህ ጥንዶቻችንን መልሰን ስናይ ማን የበለጠ አሳቀን ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ ጠያቂው ለማን ብሎ ደገመልን የሚለውም ይመዘን።