ቅኔ ቆጣሪና አጥንት ቆጣሪ፦ ድምፅ፣ ዜማና ማንነት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ልብ ወለድን መተቸት የሐያሲ እንጂ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባር አይደለም የሚል አስተያየት በሙያችን አልፎ አልፎ ይሰማል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቃል በመዝገብ ውስጥ ብቻውን ሲቆም የሚታየው ፍቺው ነው፤ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚያዋርድ የሚታወቀው ግን ሰዎች ሲነጋገሩበት ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ባለቅኔ እንደ ተጻፈ ልብ ወለድ አድርገን እንመረምራለን፤ ከምርመራውም ለቃላት ጥናትና ለትርጉም ሥራ የሚበጅ ነገር ለማውጣት እንሞክራለን። ጽሑፉን የምናዘጋጀው ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከዋጃ ሆነን ነው። ከጎጃም ደጋ ርቆ፣ ከራያ ቆላ ሲታይ መጽሐፉ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያነሣው ጥያቄ ጎልቶ ይታያልና።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው (1902–1996 ዓ.ም.) ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ ቅኔንም የተማሩ ስለ ነበሩ የሚጽፉትን ዓለም ከውስጡ ያውቁታል። ባለታሪኩ በዛብህ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ወላጆቹ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። ትምህርቱን ተከታትሎ በዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ዕውቀቱ ይታወቃል። ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ቤታቸው ያስገቡታል። ሰብለ ወንጌል ባል ሳታገባ የቆየችው አባቷ በትውልድ የሚመጥናት ሰው አጥተው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን አንድ ግሥ እናንሣ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ «ይቆጥራል»፤ ይኸውም ከሰው ተለይቶ፣ ቃሉን ከምስጢሩ፣ ቤቱን ከዜማው ልክ ጋር እያመዛዘነ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ የሚወጣው በዚህ ቆጠራ ነው። በመሳፍንትና በመኳንንት ቤት ደግሞ የሚቆጠረው ዘር ነው፤ አጥንት ነው። ግሡ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። አንደኛው ቆጠራ ሰውን በድካሙ ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ከመወለዱ በፊት ቦታውን ይወስንለታል። የልብ ወለዱ ግጭት በእነዚህ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ነው ብንል አልተሳሳትንም። ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀረው አጥንት ቆጠራ ራሱ ቅኔ ቆጣሪውን ወደ ቤት ጠራው፤ በኋላም ያሳደደው እርሱ ነው። ፊታውራሪ የበዛብህን ዕውቀት ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱን ግን አይቀበሉም።

ይህ ድምፅን ወድዶ ባለ ድምፁን የመናቅ ልማድ በአንድ ቤት የተወሰነ አይደለም፤ በቃሎቻችን ውስጥም ተቀብሮ ይገኛል። «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ «መዝሙር»፣ «ዝማሬ»ና «መዘምር» ይወጣሉ፤ «አዝማሪ»ም ከዚያው ይወጣል። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ቃል በቤተ መቅደስ ሲከበር ሁለተኛው ለስድብ እስከ መዋል ደርሷል። በሰርግና በግብር አዝማሪ የማይፈልግ አልነበረም፤ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ግን ጥቂት ነበር። በምዕራብ አፍሪቃም ግሪዮ የተባሉት የዘርና የታሪክ ዘማሪዎች በነገሥታት ዘንድ ተፈላጊ ሆነው ሳለ በጋብቻ ተለይተው መኖራቸው ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ልዩነቱ በግሦቹ ላይ ይብስ ጎልቶ ይወጣል። ባለቅኔ ቅኔ ይቆጥራል፤ በጉባኤ ፊት ይቀኛል፣ ይዘርፋል። ፎካሪም «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል። አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች። በገና ይደረደራል፤ ማሲንቆ ይመታል። አዝማሪ ግን ከራሱ ከሚያወጣው ሌላ፣ ከአድማጭ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ቃሉ የሌላ ሰው፣ ድምፁ የእርሱ ነው። ቅጣትም ሽልማትም ሲመጣ ግን የሚያገኘው ድምፁ የተሰማው ነው። እንግዲህ ተርጓሚ እነዚህን ሁሉ «ገጣሚ» በሚል አንድ አቻ ቃል ቢተካ ያጠፋው የቃል ጌጥ አይደለም፤ ማን ለማን፣ በምን ሥልጣን እንደሚናገር ነው። ስለ ሰምና ወርቅ አተረጓጐም ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚህ ግሦች ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈም።

የድምፅን ኀይል በሌላ መንገድ የሚያሳየው ጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ዳምጤ የፊታውራሪ ዘመድ እንደ መሆኑ በአጥንት አያንስም። የተማረ ነው፤ የዘመኑን ሥርዐት ግፍም ፊት ለፊት ይናገራል። ኅብረተሰቡ በዘሩ ሊያዋርደው ስላልቻለ በቅጽል ያዋርደዋል። «ጉዱ» የሚለው ቃል አፉን አይዘጋውም፤ የሚናገረውን ግን ሳይሰማ የሚታለፍ ያደርገዋል። ስሙን የተቀማ ሰው ንግግሩም ክብደቱን ይቀማል። መዝገበ ቃላት «ጉድ»ን «የሚያስደንቅ፣ የሚያሳፍር ነገር» ብሎ ቢፈታ ትክክል ነው፤ ለሰው ቅጽል ሲሆን ግን «ነገሩን አትስሙት» የሚል ትእዛዝ እንዳለበት ካልጠቆመ ፍቺው ጎደሎ ነው።

መጽሐፉ እንከን የለውም አንልም። የጉዱ ካሣ ንግግሮች አንዳንድ ጊዜ ረዝመው ከባለታሪኩ ይልቅ የደራሲውን ስብከት የሚያሰሙ ይሆናሉ። የድምፅም ክብደት ያረፈው በተማሩት ላይ ነው። በአበጀ በለው መሪነት የሚያምፁት ባላገሮች እንቢታቸው ቢሰማም፣ በዛብህ የተሰጠውን ያህል የውስጥ ድምፅ አላገኙም። የሴቶች ቃል ግጥም ከቅኔው አጠገብ የሚገባው ስፍራ አልተሰጠውም። ሰብለ ወንጌል ራሷ ወዳጇን ፍለጋ የምትወጣው በመነኩሴ ልብስ ማንነቷን ሰውራ ነው። ይህ ለዘመኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐያሲ ግን ሳያስተውለው ማለፍ የለበትም።

ይህንኑ መጽሐፍ ከጎጃም ወሰን አልፎ እስከ ራያ ያሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ባለቅኔውን በጆሮው ተገናኘው። ስለ ድምፅ የተጻፈው ሥራ በድምፅ መስፋፋቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የድምፅ ጉዞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆን የለበትም። የጎጃም ቅኔ ቤት ቃል ለራያ አድማጭ እንደ ደረሰ ሁሉ፣ የራያም ቃል ወደ መዝገቡ መድረስ አለበት።

አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ ጉርብትናም ባልራቀው በዚህ ቆላ፣ ባለ ቃል የሚባለው የቅኔ ቤት ተማሪ ብቻ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ፣ ከፍልሰታ ጾም ፍች ጋር፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በግጥም ያወድሳሉ፣ ስጦታም ይቀበላሉ። በዓሉ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከእነዚህ አንዱን ዋና ቃል አድርጎ ሌሎቹን «የአካባቢ አነጋገር» ብሎ ወደ እርሱ ቢመራ አጥንት መቁጠሩ ነው። የልጃገረዶቹን ግጥም «ጨዋታ» ብቻ ብሎ የሊቁን «ድርሰት» ማለትም ያው ነው። የሙዚቃ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ቀድመውናል፤ ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ስፍራዎችን ስም እንደ ያዙ በመላ አገሪቱ ይጠራሉ። «የአካባቢ» ስለ ሆኑ ማንም ከቅኝት አላወጣቸውም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ የግጥምና የዜማ ስሞች ከየራሳቸው ግሥ ጋር ይመዝገቡ፤ «ቅኔ» ከ«ቆጠረ»፣ «ተቀኘ»ና «ዘረፈ»፣ «ሙሾ» ከ«አወረደ»፣ «በገና» ከ«ደረደረ»፣ የአዝማሪ ግጥምም ከ«ተቀበለ» ጋር። ሁለተኛ፣ እንደ «አዝማሪ»ና «ጉዱ» ያሉ ቃላት ሲፈቱ ቃሉ የያዘው ክብር ወይም ንቀት፣ ከሥርወ ቃሉ ጋር ተነጻጽሮ፣ በግልጽ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ሶለልን የመሰሉ የአካባቢ ቃላት ራሳቸውን ችለው ይመዝገቡ፤ የሚነገሩበት አካባቢ ለመረጃ ይጠቀስ እንጂ ለማዕረግ መለያ አይሁን።

ተርጓሚዎችም ይህን ልብ ወለድ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሱ ከሁሉ አስቀድመው «ቆጠረ» ለሚለው ግሥ ሁለቱንም ሥራ የሚሸከም ቃል ቢሹ መልካም ነው፤ ባይገኝ እንኳ ልዩነቱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ይታይ። በመጨረሻ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። በዚያ ስፍራ የባላባቱን ልጅ አጥንት ከድኻው ልጅ አጥንት ለይቶ የሚቆጥር የለም። ደራሲው በመቃብር የፈጸሙትን እኩልነት፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች በሕያዋን ቃላት ላይ ልንፈጽመው ይገባናል።