በጉሊት ፊት የተደረደረው ፍሬ

በደባርቅ የገበያ ዕለት የዋለ ሰው ጉሊት ቸርቻሪዋ መደቧን እንዴት እንደምትሠራ ሳያይ አይመለስም። አራት ሎሚ ከታች ትደረድርና አምስተኛውን በላያቸው ታስቀምጠዋለች፤ ያማረው ከላይ፥ የጠወለገው ከታች ይሆናል። ገዢውም ይህንኑ እያወቀ ይሥቃል፥ ይከራከራል፥ በመጨረሻም ይገዛል። የላዩ ፍሬ ሰም፥ የታቹ ወርቅ መሆኑ ነው፤ ዳሩ ግን ይህ ወርቅ ቤት ገብቶ ሲፈታ እንደ ሌላው ወርቅ ደስ አያሰኝም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በወልድያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ተከታታይ ሥዕሎቻቸው የሚያሳዩት እነዚህን ሴቶች ነው። በአዲስ አበባ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘንድ የተማሩ፥ ቀጥሎም በሌኒንግራድ የሠለጠኑ፥ ተመልሰውም በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ያስተማሩ መምህር ናቸው። በሥዕሎቻቸው ሴቶቹ ረዣዥም ሆነው ሸራውን ከላይ እስከ ታች ይይዙታል። በዙሪያቸው ያለው ፍሬና አትክልት ግን መልኩን እየተወ ወደ ቀለምነት ያዘነብላል፤ መሬቱና ሰማዩም ስለማይለዩ፥ ሸቀጡ ይንሳፈፍ ወይም ይቀመጥ ለማወቅ ዐይን ይቸገራል። በዚህም ውስጥ የሕፃን ጨዋታ የመሰለ ደስታ አለ።

ነቃፊ፦ ጉሊት ቸርቻሪ ተቀምጣ እንጂ እንደ ዐምድ ቆማ አትውልም፥ ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። ነገር ግን የጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያይ ያደገ ሰው በዚህ አይሰናከልም፤ ከፍ ያለ ክብር ያለውን አካል ከሌላው አግዝፎ መሣል፥ ቅርብና ሩቁን በስንዝር አለመለካት የቈየ ሥርዓት ነውና። ሠዓሊው ለቅዱሳን ይሰጥ የነበረውን ቁመት በፀሓይ ለምትውል ድኻ ሴት ሰጡ፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ድፍረት ነው።

በሩቅ ምሥራቅ፥ በሲንጋፖር፥ ሠዓሊት ጆርጀት ቼን (1906–1993) የአገሩን ፍሬ፥ ራምቡታንና ማንጎስቲኑን፥ በገበታ ላይ ለብቻው አስቀምጣ ሥላለች። በዚያ ፍሬው ባለቤቱን አይጠራም፤ ራሱ የሥዕሉ ጌታ ነው። በታደሰ መስፍን ዘንድ ግን ፍሬ ያለ ሻጪው አይታይም።

ነቀፌታው እዚህ ላይ ይጀምራል። በቅኔ ቤት ሰሙ በራሱ ያልቆመ ቅኔ ወርቁ ቢያምርም መምህር ፊት ይወድቃል። በእነዚህም ሥዕሎች የሴቲቱ ክብር ወርቁ ከሆነ ሰሙ ሸቀጧ ነው፤ ሎሚው ከሽንኵርት እስከማይለይ ድረስ በቀለም ሲሟሟ ግን ሰሙ ይደክማል። ሴቲቱ ስለ ሎሚው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ መንገድ ወጥታለች፤ እያንዳንዱን በእጇ መርጣ፥ የትኛው ለላይ የትኛው ለታች እንደሚሆን አስባለች። ችግሯንና ብልሃቷን በአንድነት የያዘው ያ ከሥር የተደበቀው የጠወለገ ፍሬ ነበር፤ ሠዓሊው ሴቲቱን ሲያከብሩ እጅዋ የሠራውን ሥዕል አለፉት። ያማረ ቀለም ድኽነትን እንዳይሸፍን የሚፈራ ተመልካች ቢኖር ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም።

ሆኖም በአንዳንዱ ሸራ ክብ ክቡ ነገር ከሴቲቱ እግር አጠገብ ተሰብስቦ ሲታይ የመደቡ ጨዋታ ተመልሶ ይመጣል። የዳባት ባለጉሊት በዚያ ፊት ብትቆም አስቀድማ የምትጠይቀው፥ መደቡ በስንት እንደሚሸጥ ነው።