«ነርቩን ጠባሳ ይዞታል»፦ ከአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈጠር ጠባሳና የመከላከያው ማስረጃ ሲመዘን

የወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ የእግር ሕመሙ የተመለሰበት ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ነርቩን ጠባሳ ይዞታል» የሚል ነው። መልሱ አጭርና አሳማኝ በመሆኑ ሐኪሙንም ታካሚውንም ከተጨማሪ ጥያቄ ያሳርፋል። የቆመበት ማስረጃ ግን የሚታሰበውን ያህል ጠንካራ አይደለም።

የዚህ አስተሳሰብ አንዱ ዋና ምንጭ ላሮካና ማክናብ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ «ላሚኔክቶሚ ሽፋን» ያሳተሙት ጥናት ነው። ቀደም ሲል ኪይና ፎርድ በ1948 እ.ኤ.አ. የጠባሳውን መነሻ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከተጎዳው የዲስክ ቀለበት ጋር አያይዘውት ነበር። ላሮካና ማክናብ በውሾች ላይ ባካሄዱት ሙከራ ጠባሳ ሠሪዎቹ ሕዋሳት በዋነኛነት የሚመጡት ከአጥንቱ ከተላቀቀው የጀርባ ጡንቻ መሆኑን አመለከቱ፤ በጡንቻውና በዱራ መካከልም እንደ ጄላቲን ስፖንጅ ያለ መለያ ቢደረግ ጠባሳውን እንደሚቀንስ ገለጹ።

የጥናቱ ብርታት የቀዶ ሐኪሙን ዓይን ከዲስኩ አልፎ ወደ ራሱ እጅ ሥራ መመለሱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ከጥናቱ ይልቅ በአንባቢዎቹ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሙከራው የተመዘነው ሕብረ ሕዋስ እንጂ ሕመም አልነበረም። ውሻ እግሬን ያቃጥለኛል ብሎ አይናገርም። ይሁንና «መለያው ጠባሳን ይቀንሳል» የሚለው ግኝት ቀስ በቀስ «መለያው ሕመምን ይከላከላል» ወደሚል እምነት ተሸጋገረ።

ይህን ክፍተት የሚሞላ የመሰለው ሮስና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት የኤም.አር.አይ. ጥናት ነው። በነርቭ ሥሩ ዙሪያ ሰፊ ጠባሳ የታየባቸው ታካሚዎች አነስተኛ ጠባሳ ካላቸው ይልቅ የእግር ሕመም የመመለስ ዕድላቸው 3.2 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን አብሮ መገኘት መንስኤ መሆን አይደለም፤ ነርቩን ይበልጥ የጎዳና ብዙ ያደማ ቀዶ ሕክምና ጠባሳውንም ሕመሙንም በአንድነት ሊያመጣ ይችላል። በአንጻሩ ሰፊ ጠባሳ እያላቸው ያለ ሕመም የሚኖሩ ታካሚዎች አሉ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው አድኮን-ኤል ከተሰኘው ጄል ጋር ነው። ጄሉ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በጀርመን በ398 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን ጄሉ በተጨመረላቸውና ባልተጨመረላቸው መካከል ጉልህ የውጤት ልዩነት አላገኘም። በዚያው ዓመት፣ የዱራ ቀዳዳ ሳይድን የአንጎልና ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ መፍሰሱን የሚገልጹ ሪፖርቶች ከቀረቡ በኋላ፣ ምርቱ ከአሜሪካ ገበያ ተሰበሰበ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጠባሳ የቁስል መዳን አንዱ ገጽታ ነው። ጠባሳን የሚያግድ ነገር መዳንንም ሊያግድ ይችላል። በመለያነት የሚቀመጥ ነጻ የስብ ቁራጭም ቢሆን አልፎ አልፎ ነርቮችን ተጭኖ መገኘቱ ተዘግቧል።

ታዲያ ጠባሳን መከላከል ከንቱ ድካም ነውን? አይደለም። የላሮካና የማክናብ ሥራ ዛሬም የሚጠቅመው በመለያ ዕቃው ሳይሆን በመሠረተ ሐሳቡ ነው። ጡንቻን ከሚያስፈልገው በላይ አለማላቀቅ፣ አጥንትን በቁጠባ ማንሳት፣ የሚቻለውን ያህል ቢጫውን ጅማት ማትረፍ፣ የነርቭ ሥሩን በእርጋታ መያዝና ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ደምን በሚገባ ማቆም ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ ጠባሳውን ባይቀንሱ እንኳ ታካሚውን አይጎዱትም። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ታካሚ በትክክል መምረጥ ነው።

ሕመሙ ተመልሶ ለሚመጣ ታካሚ «ጠባሳ» የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ መልስ ሊሆን ይገባል። በጋዶሊኒየም የታገዘ ኤም.አር.አይ. ጠባሳን እንደገና ከወጣ ዲስክ ለመለየት ይረዳል፤ ጠባሳው ወዲያው ቀለሙን ሲወስድ የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ምስሎች ላይ አይወስድም። ልዩነቱ የሕክምናውን አቅጣጫ ይወስናል። እንደገና የወጣ ዲስክ በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። ጠባሳን ብቻ ለማንሳት እንደገና መክፈት ግን ሌላ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ዱራን የመቅደድ አደጋም ይጨምራል። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሽንት ለመሽናት የተቸገረ፣ በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ ወይም እግሩ እየሰነፈ የመጣ ታካሚ ደግሞ «ጠባሳ ነው» ተብሎ ቀጠሮ ሊሰጠው አይገባም፤ በአስቸኳይ ይመርመር፣ ይላክም።

«ነርቩን ጠባሳ ይዞታል» የሚለው አባባል አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። እውነትነቱ ግን ሌሎቹ መንስኤዎች ተፈልገው ካልተገኙ በኋላ የሚረጋገጥ እንጂ ፍለጋውን የሚያስቀር መሆን የለበትም።