የአዘጋጁ እጅ እስከ የት? የ«ስታፍራይደር» መጽሔት አዘገጃጀት ሲፈተሽ

በሥነጽሑፍ መጽሔቶች ላይ የሚካሄዱ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ በየእትሙ የወጡትን ድርሰቶች ነጥለው፣ በደራሲ ወይም በዘውግ መድበው ይተነትናሉ። መጽሔቱ ራሱ፣ ይኸውም የጽሑፎቹ ቅደም ተከተል፣ የፎቶግራፉ ቦታ፣ የደራሲው ስም አገባብ፣ እንደ መያዣ ዕቃ ታይቶ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን አዘገጃጀት ራሱ የሂስ ሥራ ነው የሚል ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ራቫን ፕሬስ በተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ይወጣ የነበረው «ስታፍራይደር» ነው።

መጽሔቱ የተወለደበት ጊዜ ከባድ ነበር። የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቀሰቀሰ፤ በጥቅምት 1977 ደግሞ መንግሥት በርካታ የጥቁሮች ድርጅቶችንና ጋዜጦችን በአንድ ቀን አገደ። ከታገዱት መካከል የጸሐፊዎች ቡድንም ይገኝበታል። ማይክ ከርክዉድና ሞቶቢ ሙትሎአትሴ መጽሔቱን ሲያቋቁሙ ስሙን የወሰዱት በባቡር ውጫዊ አካል ላይ ተንጠልጥለው ከሚጓዙት የጥቁሮች ሰፈር ወጣቶች ነው። ስያሜው ዓላማውን ይገልጻል፤ ትኬት ሳይቆርጡ፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ መሳፈር። የመጀመሪያው እትም እንደወጣ መታገዱም ባለሥልጣናቱ መልእክቱን መረዳታቸውን ያሳያል።

የአዘጋጆቹ መርሕ የተለመደውን «የደረጃ» ወንፊት መተው ነበር። ጥቁር ጸሐፊው በነጭ አዘጋጅ ሚዛን እየተመዘነ ከሚገባ፣ በየሰፈሩ የተደራጁ የኪነጥበብ ቡድኖች የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው መርጠው ይላኩ ተባለ። በዚህም መሠረት ግጥሞቹና ታሪኮቹ ከደራሲው ስም ጋር የቡድኑን ወይም የቦታውን ስም ይዘው ወጡ፤ ሶዌቶ፣ በናታል የሚገኘው ምፑማላንጋና ሌሎችም። ይህ ቀላል የሚመስል የገጽ አቀማመጥ ትርጉሙ ጥልቅ ነው። አንባቢው ግጥሙን የአንድ ብቸኛ ባለተሰጥኦ ውጤት አድርጎ ሳይሆን፣ ከአንድ ሰፈር የመጣ ድምፅ አድርጎ እንዲያነብ ይመራዋል። የሚሪያም ትላሊ ዓምድ ተራውን የሶዌቶ ነዋሪ ስለኑሮው ሲያናግር፣ የምቱቱዜሊ ማትሾባ ታሪኮች ያንኑ ኑሮ በልቦለድ ሲያቀርቡ፣ ፎቶግራፎቹም በዚያው ጥራዝ ሲታተሙ፣ ምስክርነትና ፈጠራ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ማትሾባን በኋላ በመጽሐፍ ተሰብስቦ ያነበበ ሰው ይህን ጉርብትና አያገኘውም።

ይሁንና በዚህ አሠራር ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ያለምርጫ የሚዘጋጅ መጽሔት የለም የሚል ነው። የገጽ ብዛት ውስን ነው፤ የሚቀድመውና የሚከተለው፣ ፎቶግራፍ የሚታከልለትና የማይታከልለት በአንድ ሰው እጅ ይወሰናል። እንግዲህ ወንፊቱ ቀርቷል ከማለት ይልቅ ቦታውን ለውጧል ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ጀማሪ ጸሐፊ ሥራው እንዳለ ሲታተምለት ክብር ያገኛል፤ ነገር ግን «ይህ ስንኝ ላልቷል፣ ይህ ገጸባሕርይ ነፍስ አልዘራም» የሚለው ያጣል። ውጤቱም የብሶት ድግግሞሽ ሊሆን ይችላል።

ይህን ድክመት አጥብቆ የተቸው ንጃቡሎ ንዴቤሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የቱርካዊውን የያሻር ከማልን አጫጭር ታሪኮች መነሻ አድርጎ በጻፈው ሂስ፣ የደቡብ አፍሪካ ልቦለድ አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ግፍ መልሶ እንደሚነግረው፣ የሰውን ውስጣዊ ሕይወት ግን እንደሚዘነጋ ተከራክሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ሂሱ የወጣው በዚያው በ«ስታፍራይደር» ገጾች ላይ መሆኑ ነው። ይህ አጋጣሚ ብቻ አይመስልም። በር ላይ ቆሞ የሚመልስ ሚዛን ለጸሐፊው ምክንያቱን ሳይነግረው፣ ለአንባቢውም ሳይታይ ይሠራል። ከኅትመት በኋላ በአደባባይ የሚቀርብ ሂስ ግን ጸሐፊው፣ ጎረቤቱና ተሐያሲው እኩል የሚያዩት፣ መልስም የሚሰጡበት ነው።

ስለዚህ የ«ስታፍራይደር» ትምህርት አዘጋጅ አያስፈልግም የሚል አይደለም። የአዘጋጁ ሥራ ከበር ወደ ገጽ መዛወሩን ነው የሚያሳየን። በጎደለበትም በኩል፣ ከኅትመት በፊት ጸሐፊዎች እርስ በርስ የሚተራረሙበት መድረክ ካልተጠናከረ፣ ለሁሉም የተከፈተ በር ብቻውን ጥሩ ድርሰት እንደማያስገኝ ያስገነዝባል። ሁለቱን የነጣጠለ መጽሔት ወይ ጸሐፊ ያጣል፣ ወይ አንባቢ።

ለእኛም ተማሪዎችና አጥኚዎች የሚተርፍ ነገር አለ። በ«መነን» ወይም በ«የካቲት» የወጣ አጭር ልቦለድ ሲጠና ታሪኩን ከገጹ ቀዶ ማውጣት ልማድ ሆኗል። ከፊቱ ምን ነበረ? ከጎኑስ ምን ሥዕል ተቀመጠ? ደራሲው በምን ተጠራ? እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ፣ እትሙ ራሱ እንደ አንድ ድርሰት ሊነበብ እንደሚችል ይታያል።