የተበጣ እብጠትና የጎዝ ውታፍ

መግል የቋጠረ የቆዳ እብጠት በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዘወትር የሚታይ ሕመም ነው። ዋናው ሕክምናው ዘመናትን ያስቆጠረ ነው፤ ቦታው ይደነዝዛል፣ ቆዳው ይበጣል፣ መግሉ ይፈሳል፣ ጉድጓዱን የሚከፋፍሉት ግድግዳዎች ፈርሰው ውስጡ ይታጠባል። የዚህን ጥቅም የሚጠራጠር የለም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ግን የመብጣቱን ያህል ተመርምሮ የጸደቀ ሥራ አይደለም። ጉድጓዱ በጎዝ ይጠቀጠቃል፤ ታካሚው በማግሥቱ ይቀጠራል፤ ጎዙ ተስቦ ይወጣል፤ ሌላ ጎዝ ይተካል። ይህ ሥርዓት ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከነባር ነርስ ወደ አዲስ ነርስ ሲተላለፍ የኖረ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ማስረጃ ሳይጠየቅበት ቆይቷል።

ለመጠቅጠቅ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ደም እንዲቆም፣ የቀረው መግል እንዲመጠጥ፣ እንዲሁም የቆዳው አፍ ከውስጡ ቀድሞ እንዳይገጥም ነው። የመጀመሪያው አያከራክርም፤ የሚደማን ጉድጓድ ለአጭር ጊዜ በጎዝ መጫን ተገቢ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በአሠራሩ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሳይጨናነቅ የገባ ጎዝ አፉን ከፍቶ ፈሳሹን ወደ ውጭ ሊመራ ይችላል። በኃይል የተጠቀጠቀ ጎዝ ግን መጣጭነቱ ቀርቶ ውታፍ ይሆናል፤ መግል እንዲፈስበት የተከፈተውን በር መልሶ ይዘጋል። ሲደርቅም ከሚበቅለው ለጋ ሥጋ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በሚሳብበት ጊዜ ያንኑ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ብዙ ታካሚዎች ከመበጣቱ ይልቅ ይህን ቀን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ልማዱን በግልጽ ከተፈታተኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ኦማሊና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። በጥናቱ የተካተቱት 48 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው የ23ቱ ቁስል ተጠቀጠቀ፣ የ25ቱ ሳይጠቀጠቅ ተሸፈነ። ከ48 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 5 ነበሩ፤ ልዩነቱ ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። በሕመም ስሜትና በተወሰደው ማስታገሻ መጠን ግን የተጠቀጠቁት በልጠው ተገኙ። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ መጠቅጠቅ ሕመምን እንደሚያባብስና ፈውስን እንዳላሻሻለ የሚያመለክት አነስተኛ ጥናት መኖሩን ጠቅሷል።

ልማድን የሚነቅፍ ሰው ግን ልማዱን በሚመዝንበት ሚዛን ጥናቱንም መመዘን ይገባዋል። አርባ ስምንት ሰው አነስተኛ ልዩነትን ለይቶ ለማሳየት አይበቃም። የ48 ሰዓት ክትትልም መግሉ ከሳምንታት በኋላ መልሶ መቋጠር አለመቋጠሩን አይናገርም። ከሁሉም በላይ፣ እብጠታቸው ከ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና ሌላ የመከላከል አቅማቸውን የሚያዳክም ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጥናቱ አልገቡም። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ግን እንዲህ ያሉ ታካሚዎችም ሊያጋጥሙ ይችላሉ። በጥናቱ የተካተቱት በሙሉ ትራይሜቶፕሪም-ሰልፋሜቶክሳዞል የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት መውሰዳቸውም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,200 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመበጣቱ ጋር ይህን መድኃኒት ከወሰዱት 80.5 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ 73.6 በመቶ መዳናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒት ለማይሰጠው ታካሚ የ2009ን ውጤት እንዳለ መገልበጥ ጥንቃቄ ይሻል።

ይህ ሁሉ ሲባል የማስረጃው አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ በፊንጢጣ ዙሪያ መግል ቋጥረው በተበጡ 433 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ያልተጠቀጠቁት ያነሰ ሕመም እንደተሰማቸው፣ በፊስቱላም ሆነ መልሶ በመቋጠር ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት እንዳልታየ አረጋግጧል። ቦታው ለብክለት እጅግ የተጋለጠ ከመሆኑ አንጻር ግኝቱ ቀላል ክብደት የሚሰጠው አይደለም።

የጉዳዩ ክብደት በሕመም ብቻ አይለካም። በየዕለቱ ጎዝ መቀየር ለከተማ ነዋሪ አድካሚ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ገበሬ ግን የመጓጓዣ ወጪና የባከነ የሥራ ቀን ነው። ሕመሙና ወጪው ሲደራረብ ታካሚው በቀጠሮው ይቀራል፤ ጎዙም በቁስሉ ውስጥ ይቆያል። የተከተተው ቁራጭ ብዛት ካልተመዘገበ ደግሞ ተረኛው ባለሙያ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለ የተረሳ ጎዝ ራሱ የአዲስ መግል መነሻ ይሆናል፤ ጥንቃቄ ተብሎ የተጀመረው ሥራ ጉዳት ሆኖ ያልቃል።

በመሆኑም ፍርዱ ሁሉን በአንድ የሚጠቀልል ሊሆን አይችልም። ሌላ ሕመም በሌለበት ሰው ላይ ያለ፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠና በሚገባ የፈሰሰ እብጠት ሳይጠቀጠቅ በንጹሕ ደረቅ ጎዝ ቢሸፈን ይበቃዋል። ጥልቅና ሰፊ ጉድጓድ ወይም የሚደማ ቁስል ሲያጋጥም ጎዝ መክተት ያስፈልግ ይሆናል፤ ያን ጊዜም አንድ ረጅም ጥብጣብ ላላ ተደርጎ ገብቶ ጫፉ በውጭ ይተዋል፣ ብዛቱ በካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ከመሳቡ በፊት በኖርማል ሳላይን ይርሳል፣ ታካሚውም አስቀድሞ ማስታገሻ ይወስዳል። ሙቀትና ሕመም ሳይኖረው በአንገት ላይ የሰነበተ እብጠት ግን የዕጢ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ከመነሻውም ለመብጣት አይቸኮልም።

መጠቅጠቅ ቀረ ማለት ክትትል ቀረ ማለት አይደለም፤ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ሊፈጸም ይችላል። ጎዝ ያልገባለት ታካሚ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እንዲያጥብ፣ መሸፈኛው ሲርስ እንዲቀይር፣ ትኩሳት ሲሰማው ወይም እብጠቱና ሕመሙ ሲጨምር ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመለስ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ሲታይም፣ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና መጠንከሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ለመጠቅጠቅ ይውል የነበረው ጊዜ መግሉን አሟጦ ለማፍሰስና ታካሚውን ለማስረዳት ቢውል፣ ከጎዙ ይጠበቅ የነበረው ጥቅም ያለ ሕመሙ ይገኛል።