የዘመን ፍጻሜ ስብከትና አንባቢው፤ በጋምቤላ ከሰማነው ተነሥቶ

በሀገራችን ያልተለመደ ነገር በታየ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ጤፍ ሲወደድ፥ ልጅ ለአባቱ አልታዘዝም ሲል፥ ዝናብ ያለወራቱ ሲጥል፥ ሽማግሌዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ይህንኑ ቃል ያነሣሉ። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። በአባቶቻችን አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ በዚህ ላይ 1500 ዓመተ ምሕረት ሲደመር ሰባተኛው ሺህ ይፈጸማል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው ዛሬ ሳይሆን ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን አካባቢ፥ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ትውልድ ዘርቶ አጭዷል፤ ልጁን ድሯል፤ አባቱን ቀብሯል።

ይህን ማንሣታችን በአባቶች ልማድ ለመሣቅ አይደለም። ስለ ፍጻሜ የሚነገር ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የንባብ ጉዳይ መሆኑን ለማመልከት ነው። ሰው መጽሐፍ ያነባል፤ ያነበበውን በራሱ ዘመን ላይ ይተረጕመዋል፤ እንደ ትርጓሜውም ይኖራል። ስለሆነም ስብከት እንደ ማናቸውም የቃል ድርሰት ሊመረመርና ሊተች የሚችል ነው ብለን እናምናለን። የማንንም ሃይማኖት ለመዳኘት ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለንም፤ የምንመረምረው አነባበቡን ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በጋምቤላ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ፥ ከምናውቃቸው ተማሪዎች አንዱ በስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋረጠ። ምክንያቱን ብንጠይቀው ዘመኑ ስላለቀ የአራት ዓመት ትምህርት መጀመር ከንቱ ነው ብሎ በትሕትና መለሰልን። ይህን ያለው ከስንፍና አልነበረም፤ ከክፍሉ ብልሆች አንዱ ነበር። በማግስቱ እሑድ ልጁ ይህን ወደ ሰማበት ጉባኤ ሄደን ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ስብከቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥን።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ሰባኪው በኑዌርኛ ሲናገር ሕዝቡ በዝምታ ይሰማው ነበር፤ በአጠገባችን የተቀመጠ አስተርጓሚም ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ቃሉ አጫጭር፥ ምሳሌው ሁሉ ከወንዝና ከከብት የተወሰደ ነበር። የኋለኛውን ቀን በክረምት ከሚሞላው ባሮ ጋር አመሳሰለው፤ ውሃው ከመድረሱ አስቀድሞ ከብቱን ወደ ደጋማው ስፍራ ያላወጣ ሰው በሌሊት ይደርስበታል አለ። ይህ ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን ከአድማጩ ኑሮ የፈለቀ ምሳሌ ነው። ብዙዎቹ የከተማ ተናጋሪዎቻችን ይህን ቢማሩ መልካም ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን ሰባኪው ወደ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 አለፈ። ጦርነቱንና ረሃቡን አንድ በአንድ ቈጠረ። ወንጌል በዓለም ሁሉ ለአሕዛብ ሁሉ ምስክር ሆኖ ከተሰበከ በኋላ መጨረሻው እንደሚመጣ የሚናገረውን ቃል አንሥቶ፥ ያልሰሙት ነገዶች ጥቂት ብቻ ስለ ቀሩ ቀኑ በደጅ ነው ሲል ደመደመ። ሒሳችን የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህ አነባበብ ወደ ጋምቤላ እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በክረምት ወራት ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ እየደረሱ ቡና ይጭኑ ነበር። ያው የወንዝ መንገድ ለወንጌል መልእክተኞችም ሆነ። በሱዳን በኩል በናስርና በአኮቦ የነበሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ድንበሩን ተሻገሩ፤ ከነሱም አንዱ ዶን ማክሉር በባሮ ዳር በፖክዎ በአኙዋኮች መካከል ሕክምናን፥ እርሻንና ትምህርትን ከስብከት ጋር ያጣመረ ሥራ ጀመረ። ይህ ሰው በ1969 ዓ.ም. በጎዴ ተገድሎ ሞተ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳን በአኙዋክኛም በኑዌርኛም ታተመ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ሀገሪቱን የቤተ ክርስቲያን ወረዳና ክፍት ወረዳ ብሎ ሲከፍል፥ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዝዞ፥ በመጀመሪያ ደረጃ ግን በአካባቢው ቋንቋ መጠቀምን ፈቅዶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ 307 ሺህ ያህል ሲሆን፥ ከመቶ 70 የሚሆነው ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ መልእክተኞች የመጡበት ዓለም ለመቸኮል የራሱ ምክንያት ነበረው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ የተነሡ ተማሪዎች ወንጌልን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ለዓለም ሁሉ ለማዳረስ ተነሡ። በ1974 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በሎዛን ከተማ በተደረገው ጉባኤም ዓለምን በሀገር ሳይሆን በነገድ መቍጠርና ያልተደረሰባቸውን ለይቶ መጻፍ ታላቅ ሐሳብ ሆኖ ቀረበ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቋንቋ ፊደል አገኘ፤ ብዙ ሕሙማን ታከሙ። ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ቍጥሩ ከመሣሪያነት አልፎ ትርጓሜ ሲሆን አደጋ አለው። ያን ጊዜ አኙዋኩና ኑዌሩ ነፍስ ያለው ሰው መሆኑ ይቀርና ከመዝገብ ላይ የሚሰረዝ ቍጥር ይሆናል። ወንጌልም ስለ ራሱ ለሰውዬው ሳይሆን ቀኑን ለማፋጠን የሚነገር ነገር ይመስላል።

መጽሐፉ ራሱ ይህን አይልም። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ከሰውም ከመላእክትም የሚያውቅ እንደሌለ ተጽፏል። እንግዲህ ቍጥር 14 ትእዛዝና ተስፋ ነው እንጂ የቀን መቍጠሪያ አይደለም። ይህን የዘነጉ ሁሉ አፍረዋል። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ከትንቢተ ዳንኤል ዓመታትን ደምሮ ባስተማረው መሠረት፥ ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ አደሩ፤ ከነሱም አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ የተዉ ነበሩ። በማግስቱ ፀሐይ እንደ ወትሮው ወጣች። እኛም ብንሆን ፍካሬ ኢየሱስ የተስፋ ንጉሥ ይመጣል ስላለ፥ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ያን ስም መምረጣቸውን አንረሳም። ትንቢት ለሚመኘው ሰው ሁሉ ልክ የሚሆን ልብስ ነው።

ሁለተኛው ነገር የነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ነው። በዚያ ስለ ኩሽ ወንዞች ማዶ ምድር፥ ስለ ደንገል ታንኳዎች፥ ስለ ረጅም ሕዝብም ተነግሯል። ሰባኪው ይህ ቃል ስለ ኑዌርና ስለ ወንድሞቹ ሕዝቦች የተነገረ ነው አለ። ይህ የርሱ ብቻ ሐሳብ አይደለም፤ ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ነጻ በወጣች ጊዜ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ምዕራፍ የነጻነታቸው ትንቢት አድርገው አንብበውታል። በጋምቤላም ወደ ጽዮን መባ ይመጣል የሚለውን ቃል ይዘው ሰንበትን ወደ መጠበቅ ያዘነበሉ ጉባኤያት አሉ። እኛ ደገኞች ግን በዚህ ለመደነቅ ፊት የለንም። በዕብራይስጡ ኩሽ የተባለውን የግሪክ ተርጓሚዎች ኢትዮጵያ ብለው ስለ መለሱት፥ ስማችን በመጽሐፍ በተጠራበት ስፍራ ሁሉ ቃሉን የራሳችን አድርገን ኖረናል። እኛ ያደረግነውን ኑዌር ቢያደርገው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ስሙን ከትልቁ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት የተናቀ ሕዝብ ታላቅ መጽናኛ ነው። ጥፋት የሚሆነው ቃሉ የኛ ብቻ ነው፥ የጎረቤታችን አይደለም የተባለ እንደ ሆነ ነው።

ኑዌሮች ስለሚመጣው ዘመን ለመስማት ሚሲዮናዊ እስኪመጣ አልጠበቁም። በ1906 እ.ኤ.አ. የሞተው ንጉንዴንግ ቦንግ በሎው ኑዌሮች መካከል ታላቅ የአፈር ጉብታ ያስቆለለ ነቢይ ነበር፤ መዝሙሮቹን ሕዝቡ እስከ ዛሬ በቃል ይዞ ለእያንዳንዱ አዲስ ነገር ይተረጕማቸዋል። ልጁ ጉዌክ በ1929 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች ሲገደል የተወሰደው የነቢዩ ዘንግ በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ሱዳን ሲመለስ ይህም በትንቢት የተነገረ ነው ያሉ ነበሩ። ስለዚህ በማንጎው ዛፍ ሥር የተቀመጠው አድማጭ ባዶ ማሰሮ አይደለም። የራሱ የትርጓሜ ትምህርት ቤት አለው። ሰባኪው ይህን ሳይመረምር ሲያስተምር፥ የሚናገረው ወንጌል በአድማጩ ዘንድ ከአሮጌው ትንቢት አጠገብ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ይነበባሉ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ሒሳችን ሰባኪው ንባቡን በመካከል ማቆሙ ነው። የማቴዎስ ምዕራፍ 24 በምዕራፍ 25 ይቀጥላል። ምዕራፎቹን የለየው የኋላ ሰው እጅ ነው እንጂ ንግግሩ አንድ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ ከተነገሩ በኋላ ፍርዱ በምን እንደሚሆን የሚገለጠው በዚያ ነው፤ የሚጠየቀውም ስለ ዓመት ቍጥር ሳይሆን የተራበ ስለ መመገብ፥ የታረዘ ስለ ማልበስ፥ እንግዳ ስለ መቀበል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም እኩሌታ በደብረ ዘይት እሑድ ስለ ምጽአት ስታስተምር፥ ምእመናን ከጾሙ ጋር ምጽዋትን እንዲያስቡ ማድረግዋ ይህን ከማስተዋል ነው።

ይህ ንባብ በጋምቤላ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያስብ። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች በክልሉ ተጠለሉ። ኩሌ፥ ቲርኪዲ፥ ጄዊና ንጉዌንዬል የተባሉት መጠለያዎች በሰው ተሞሉ። በቆጠራው ከተገኘው የክልሉ ሕዝብ ጋር የሚተካከል እንግዳ በደጅ ቆመ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የምዕራፍ 25 ፈተና ለየትኛው ሀገር ቀርቦ ያውቃል? «ቤት የእንግዳ ነው» ማለት በአፍ ቀላል ነው፤ የእርሻ መሬትና የማገዶ እንጨት ሲያንስ ግን አኙዋኩም ሌላውም ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋ አለ። ስለ ፍጻሜ የሚሰብክ ሰው ይህን ሸክም እንዴት እንካፈል የሚለውን ካልነካ፥ ከፈተናው ጥያቄዎች መካከል ዋናውን ዘልሎ አልፏል።

በዚህ ረገድ ከሩቅ መምህር መፈለግ አያሻንም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ ረጂዎች በላከችው ታዋቂ ደብዳቤ፥ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አስረድታለች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደብዳቤው ረጂዎቹ ለልማት ብቻ ገንዘብ ሰጥተው ስብከትን ችላ ማለታቸውን ይነቅፋል፤ ነገር ግን ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል ስሕተት ነው የሚለው መልእክቱ ስብከትን ብቻ ይዘው ትምህርትንና እርሻን ለሚንቁትም እኩል ይደርሳል። የጋምቤላን ወንጌላውያን ያቀፈችው ቤቴል ከዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋር የተዋሐደችው ከደብዳቤው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነበር።

አሁን በራሳችን ላይ አንድ ነገር መናገር አለብን። በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል፥ ቤቱም ቀዬውም ያልተቃጠለበት ሰው፥ ፍጻሜን የሚናፍቁትን መገሠጽ አይከብደውም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋኮች የተገደሉበትን ቀን ያዩ፥ ከናስር በእግራቸው ሸሽተው ልጅ በመንገድ የቀበሩ ሰዎች፥ እግዚአብሔር እንባን የሚያብስበት ቀን ቅርብ ነው ሲባሉ የሚሰሙት ዛቻ ሳይሆን የምሥራች ነው። ለነዚህ ሰዎች ዓለም አንድ ጊዜ አልቃለች። ስለዚህ ተስፋቸውን ማንም እንዲነካባቸው አንፈቅድም። የምንለው ይህ ብቻ ነው፤ ተስፋው ሰውን ለነገ የሚያበረታ እንጂ ነገን የሚነጥቅ አይሁን። ጐርፉ ከመምጣቱ በፊት ከብቱን ያወጣ ብልህ ሰው ውሃው ሲጎድል ለመዝራት ዘሩንም አብሮ ያወጣል። ሰባኪው የራሱን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ቢከተለው ኖሮ ከዚህ ይደርስ ነበር።

ያ ተማሪ በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ መጣ። እምነቱን አልተወም፤ በእሑድ ከዚያው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ ነገረን። እኛም ደስ ብሎን እስከ ትምህርት ቤቱ ሸኘነው፤ ስሙም እንደገና ከመዝገብ ገባ። ጓደኞቹ ግን አንድ ክፍል ቀድመውት ነበር። ያቺን አንድ ዓመት የሚመልስለት የለም። ስለ ዘመን ፍጻሜ የሚያስተምሩ ወንድሞቻችን ሁሉ ከመስበካቸው በፊት ያቺን አንድ ዓመት እንዲያስቡ በትሕትና እንለምናለን።